ሽማግሌ የተቀመጠለት ካምቢዮ

ሚስት ያገባ ሰው ሞተር ሳይክል መግዛት የለበትም! ከገዛም ሞተር ሳይክሉ መሞት የለበትም። ከሞተም… ሬሳውን አማቶቹ በማያዩበት ቦታ ይደብቅ! ቀልድ አይምሰላችሁ፤ ከልቤ ነው የምናገረው። ሞተር ሳይክል በሕይወት እያለ የባለቤቱ ነው። የሞተ ዕለት ግን የዘመድ አዝማድ ንብረት ይሆናል። እናንተም ዘመድ አላችሁና ይገባችኋል።

የኔዋ የሞተችው ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። እየገፋሁ ወደ ከተማ መለስኳት፤ የጋሪ ፈረሶች እንኳ ዞር እያሉ አዩኝ። መካኒኩ ከፍቶ አየና ራሱን ነቀነቀ። "ሞተሩ ነክሷል፤ ከእንግዲህ አይዞርም። ካምቢዮው ግን ጤነኛ ነው፤ ካንተ በላይ ይኖራል" አለኝ። ካምቢዮ ማለት፣ ለማታውቁት፣ ማርሽ የሚቀያየርበት፣ ዘይት የሞላው የብረት ሆድ ነው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ትገምታላችሁ። መስታወቶቿን የአጎቴ ልጅ ለጢም መላጫ ወሰዳቸው። መቀመጫዋን ጎረቤታችን ደጁ ላይ የሚቀመጥባት ዱካ አደረጋት። መብራቷ የት እንደደረሰ ዛሬም አላውቅም። የቀረኝ ካምቢዮው ብቻ ነበር፤ እሱንም ባለቤቴ ለአባቷ በስልክ ነገረችብኝ።

አማቴ አያ አንዳርጌ ይባላሉ። ከቡሬ ወጣ ብላ ባለች መንደር የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። በቆሎ ያመርታሉ፣ ዳጉሳ ያመርታሉ፤ ከሁሉ አብልጠው ግን ክስ ያመርታሉ። ከጎረቤታቸው ከአያ ደሴ ጋር በድንበር ይካሰሳሉ፤ የድንበሩ ሲያልቅ በድንበሩ ላይ በበቀለው ብሳና፣ ብሳናው ሲቆረጥ ደግሞ በጥላው… "ጥላው ወደማን ማሳ ይወድቅ ነበር?" ተብሎ ምስክር ተቆጥሮበታል ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? እያጋነንኩ አይደለም። ትንሽ ብቻ ነው ያጋነንኩት። ፍርድ ቤት ዝግ በሚሆንበት ሰሞን ራሳቸውን ያማቸዋል፤ ሲከፈት ይሻላቸዋል።

"ልጄ፣ ሞተርህ ሞተች አሉ?" አሉኝ ደውለው።

"አዎ አባቴ፣ ሞተች።"

"ነፍስ ይማር። አካሏስ የት ነው?"

"ካምቢዮዋ ብቻ ነው የቀረኝ።"

"እንግዲያስ ስማኝ! የውኃ መሳቢያዬ ሞተር አለ፤ ሥራ ፈቶ ተቀምጧል። አልጋም አለ። የጎደለኝ ያንተ ካምቢዮ ነው።"

"አልጋ? አልጋ ለምን?"

"የበቆሎ መፈልፈያ ማሽን ልንሠራ ነዋ!"

ስለ አልጋው ልንገራችሁ። አልጋው የብረት ነው፤ አያ አንዳርጌ በክርክር የረቱት አልጋ ነው። ከማን እንደረቱት አላነሳም፤ ሰውዬው በሕይወት አሉ፣ ጋዜጣም ያነባሉ። ሚስታቸው እማማ የሻረግ ግን ገና ቤት ሲገባ "በክስ የመጣ አልጋ ላይ ጎኔን አላሳርፍም!" ብለው እምቢ አሉ። ስለዚህ አልጋው ከተረታበት ጊዜ ጀምሮ ሰው ሳይተኛበት ጎተራው ሥር ቆሞ ኖሯል። ዶሮዎች እንኳ የሚያድሩት ሌላ ቦታ ነው።

እኔ ደግሞ ቢሮ ውዬ የምገባ ሰው ነኝ። ቢሮ የሚውል ሰው አማቱ ፊት ለመኩራት የሚያገኘው አጋጣሚ ጥቂት ነው። ማረስ አልችልም፤ አንድ ጊዜ ሞክሬ በሬዎቹ ናቸው ያረሱኝ። ስለዚህ አጋጣሚዋን ሳገኝ አፌን ከፈትኩ።

"አባቴ፣ ዘንድሮ ወንፈል የሚባል ነገር ይተዉ! ማሽኑ ካለ ሰው ምን ያደርግልናል? ከቁርስ እስከ ምሳ ድምጥማጡን ያጠፋዋል!"

ወንፈል ጎረቤት ተጠራርቶ በተራ የሚሠራው ሥራ ነው፤ ዛሬ ላንተ የወጣ ሰው ነገ አንተም ትወጣለታለህ። አያ አንዳርጌ በኔ ቃል ተማምነው ጎረቤቱን ሁሉ "ዘንድሮ አልጠራችሁም፤ አማቼ ማሽን ያመጣል" አሉ። በዚህ ጊዜ በቆሎው ተሸልቅቆ አውድማው ላይ እንደ ጉብታ ተከምሯል። የኅዳር ሰማይ ደግሞ ዘንድሮ አመሉ ተለዋውጧል፤ ጠዋት ጠርቶ ከሰዓት ይከፋዋል። ዝናብ ቢመታው የዓመቱ ቀለብ ሊሻግት ነው። ጎረቤቶቹም ቅር ተሰኝተዋል። በተለይ አያ ደሴ "አሃ! በካምቢዮ ተተካን በሉኛ!" ብለው ነበር አሉ። ዝናቡ ቢቀድም አማቴ የሚከስሩት እህላቸውን ብቻ አልነበረም፤ በአያ ደሴ ፊት አንገታቸውን መድፋት ነበረባቸው። የአንገታቸው ባለዕዳ ደግሞ እኔ!

ካምቢዮውን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልዬ በሚኒባስ ቡሬ ገባሁ። እዚያ ሙሉቀን የሚባል በያጅ አለ። ቤት ውስጥም ጥቁር መነጽር የማያወልቅ፣ ሲበይድ ብቻ የሚያወልቅ ልጅ ነው። አዎ፣ ተገላቢጦሽ ነው፤ እኔም ነግሬው ነበር። ብየዳ ማሽኑን፣ ጄኔሬተሩንና ዕቃውን በጋሪ ጭነን ከአማቴ አውድማ ደረስን። አልጋው ተገለበጠ፣ ተገላበጠ። በአንድ ጫፍ የውኃ መሳቢያው ሞተር ተቀመጠ፤ በሌላው ጫፍ ጥርስ የተበየደበት በርሜል። መሐል ላይ ካምቢዮው ሊገባ ሲል… አልጋውን መሐል ለመሐል የሚያቋርጥ አግዳሚ ብረት ቦታውን ይዞታል።

"ኖ ፕሮብሌም፣ ይቆረጣል" አለ ሙሉቀን መቁረጫውን አንስቶ።

"በሕግ አምላክ!" አሉ አያ አንዳርጌ። ሙሉቀን ባለበት ደረቀ። በሕግ አምላክ ከተባለ የጎጃም ሰው እግሩን ያነሳ እንደሆነ አየር ላይ ይተዋታል።

"ምነው አባባ?"

"ይኼ አልጋ በፍርድ ያገኘሁት ነው። ፍርድ ደግሞ አይቆረጥም! ዛሬ አግዳሚውን ከቆረጥክ ነገ ባለጋራዬ 'ራሱ አፈረሰው' ብሎ ይግባኝ ይለኛል።"

ሙሉቀን ወደኔ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ብሮ፣ እንግዲያ ካምቢዮው ይዘንበላ!"

"ቢዘነብልስ ዘይቱ አይፈስም?"

"ሞተር ሳይክል ስትነዳ ኩርባ ላይ አትዘነብልም?"

"እዘነብላለሁ።"

"ያኔ ዘይቱ ይፈሳል?"

"አይፈስም።"

"በቃ!"

አሁን እናንተ ተቀምጣችሁ ስታነቡት ስሕተቱን አግኝታችሁታል። ኩርባ ያልቃል፤ አልጋ አያልቅም። እኔ ግን የዚያን ጊዜ አሳመነኝ! እንዲያውም "ብልህ ነህ" ብዬ ትከሻውን መታሁት። ካምቢዮው በአግዳሚው ጎን ተንጋዶ፣ የጎረቤት ወሬ የሚያዳምጥ ሰው መስሎ ተበየደ። ካምቢዮውን ከበርሜሉ የሚያገናኘው ካቴና ልክ ገጠመ። ዘይት ተሞላ። ሞተሩ ተነሳ። በርሜሉ ዞረ። ጎረቤቱ ሁሉ ለሥራ ሳይሆን ለትዕይንት መጥቶ አጥሩን ተደግፎ ነበር፤ መሪጌታ ፍሬ ስብሐት ነጭ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከፊት ለፊት ዱካ ተሰጥቷቸዋል። የመንደሩ ዳኛም፣ ሊቅም፣ ተረበኛም እሳቸው ናቸው። የመጀመሪያዎቹ የበቆሎ ራሶች ገቡ፣ ፍሬው ሸራው ላይ ተንፎለፎለ… እኔም ደረቴን ነፋሁ። ባለቤቴ ብታየኝ ኖሮ እንደገና ታገባኝ ነበር!

ያን ጊዜ አያ ደሴ ጣታቸውን ቀሰሩ። "ይኼ ጥቁር ጥቁሩ ነገር ምንድን ነው? የማሽኑ ነው የበቆሎው?"

ዘይቱ ነበር! ካምቢዮ አናቱ ላይ መተንፈሻ የምትሆን ቀዳዳ አለችው። ቀጥ ብሎ ሲቆም ቀዳዳዋ ከዘይቱ በላይ ናት፤ እኛ ስናንጋድደው ዘይቱ ውስጥ ሰጠመች። ከዚያ በምን ዕድላችን እንደሆነ ባላውቅም፣ በትክክል ፍሬው በሚወርድበት ቦታ ላይ ታንጠባጥባለች። ጠብ… ጠብ… ጠብ! መሪጌታ አንዲት ፍሬ አንስተው አሸተቱ።

"ለመሆኑ ይኼ ዘይት የጾም ነው የፍስክ?"

"የሞተር ነው መሪጌታ።"

"እሱንማ አፍንጫዬ ነገረኝ። ጾም የገባ ስለሆነ ነው የጠየቅሁህ።"

ሰው ሳቀ። አያ አንዳርጌ አልሳቁም። ዘይት የነካውን ፍሬ በእጃቸው እየለቀሙ ከሸራው ላይ ጣሉት፤ አንዷን ሲጥሉ አንዷ የኔ ራስ ላይ የወደቀች ያህል ተሰማኝ።

ሙሉቀን ግን የሚደነግጥ ሰው አይደለም። ቀዳዳዋን በቡሎን ጠርቅሞ ዘጋት። ዘይቱ ቆመ። ሰው አጨበጨበ። ሞተሩ እንደገና ተነሳ። ሆድ ሲሞቅ ግን መተንፈስ አለበት፤ መተንፈሻው ከተዘጋ ደግሞ… እናንተም ሆድ አላችሁ፣ ዝርዝሩን ልተወው። ብቻ ጥቂት ቆይቶ ዘንጉን የከበበው የዘይት መያዣ ጎማ "ቱፍ!" ብሎ ተስፈነጠረ። ከኋላው የተከተለው ዘይት ዕጣ የወጣበት ይመስል ያን ሁሉ ሰው አልፎ የመሪጌታ ጋቢ ላይ አረፈ።

መሪጌታ ጋቢያቸውን ወደታች አዩት፣ ወደላይ አዩን።

"አሁን ገባኝ" አሉ ቀስ ብለው። "የፍስክ ነው።"

ሙሉቀን ትርፍ ጎማ ይዞ ነበርና ተካው፤ ቡሎኑንም ነቀለ። ቀጥሎ ዘይቱን ቀነስነው። ዘይቱ ሲቀንስ መንጠባጠቡ ቀረ፤ ማርሾቹ ግን ደርቀው ይጮኹ ጀመር። ያንን ጩኸት በጽሑፍ ላሰማችሁ አልችልም። የአያ ደሴ በሬ ገመዱን በጥሶ ሄደ፤ እስከ ማታ ድረስም አልተገኘም። ሞተሩን አጠፋን። ጸጥታው ውስጥ ከወደ ቋሪት በኩል አንድ የነጎድጓድ ድምፅ መጣ። ሁላችንም ቀና አልን። ደመናው ጠቁሯል፤ በቆሎው እንደተቆለለ ነው።

አማቴ ቀና ብለው ደመናውን አዩ፣ ከዚያ አጥሩን የተደገፈውን ጎረቤት አዩ፣ በመጨረሻም እኔን። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። "ኑ እባካችሁ ርዱኝ" እንዳይሉ ራሳቸው ናቸው "አልጠራችሁም" ያሉት። አያ ደሴ ደግሞ ያችን ቃል እየጠበቁ፣ ዱላቸውን አገጫቸው ሥር አድርገው ቆመዋል። አማቴ ያችን ቃል ከሚተነፍሱ በቆሎውን ራሳቸው ውኃ ቢያጠጡት ይመርጣሉ።

"በሕግ አምላክ!" አሉ በድንገት።

ሁላችንም ቆምን። ቆመን ነበር፤ ግን የባሰ ቆምን።

"ይኼ ጉዳይ በቡሎን የሚያዝ አይደለም! አልጋዬና ይኼ ካምቢዮ አልተስማሙም። ያልተስማማ ነገር ደግሞ ደንቡ ሽማግሌ ነው። መሪጌታ፣ ይቀመጡልኝ!"

ሳቅ የሚጠብቅ ካለ ይተወው። እኔ ብቻ ነበርኩ የሳቅሁት፤ ሁሉም ዞሮ ስላየኝ ወደ ሳል ቀየርኩት። እዚህ አገር "ሽማግሌ ይቀመጥ" ከተባለ ይቀመጣል፤ ተከሳሹ ካምቢዮም ቢሆን! ወዲያው ከዋንዛው ሥር ዱካ ተደረደረ። መሪጌታ መሐል፣ አያ ደሴና ሌላ ሽማግሌ ግራና ቀኝ ተቀመጡ። አያ ደሴ ቸኩለው "እኔ ስለ አልጋው እቆማለሁ!" አሉ፤ የአማቴን ነገር ለመደገፍ ሳይሆን ክርክር እንዳያመልጣቸው ነው። ስለ ካምቢዮው የሚቆም ጠፋ። ሙሉቀን ወደፊት ተገፋ።

"የኔ ጌታ፣ ካምቢዮህ ምን ይላል?" አሉት መሪጌታ።

ሙሉቀን መነጽሩን አወለቀ። "እ… ቀጥ ብዬ ካልቆምኩ አልችልም ነው የሚለው።"

"አልጋውስ?"

አያ ደሴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "አልጋው የሚለው፣ እኔ በፍርድ የተገኘሁ አልጋ ነኝ። አግዳሚዬ አባቶቼ ባቆሙት ቦታ ነው ያለ። እሱ ትናንት ከፍኖተ ሰላም በከረጢት መጥቶ 'ጠጋ በል' ሊለኝ አይገባም!"

"እውነት ነው!" አለ አጥሩን የተደገፈው ሁሉ።

"ሰውነት ያለው ነገር ነው፣ መቼም ይደክመዋል" አለ አንዱ ስለ ካምቢዮው ሲያዝን።

"ይዘንበል ሲሉት ዘነበለ፤ ዘይቱን ሲያፈስ ግን ሰው አማክሯል?" አለ ሌላው።

ሽማግሌዎቹ ገለል ብለው ተመካከሩ። እኔ ደመናውን፣ አማቴ ሽማግሌዎቹን እናያለን። መሪጌታ ተመልሰው መጡና እጃቸውን ዘረጉ።

"መክረናል። አልጋው አይቆረጥ። ካምቢዮውም እንዲህ ተንጋዶ አይቅር። አንዱ ብቻ ሁሉን ይተው ማለት ግፍ ነው። ስለዚህ ግማሽ ግማሽ ይተዉ! ካምቢዮው ካለበት ግማሹን ይቃና፤ ግማሹን ይዘንበል።"

"እሰይ! ይኼ ነው ፍርድ!" ሰው በደስታ ተንጫጫ። በዚያ አገር ግማሽ ግማሽ ያላስታረቀው ጠብ የለም፤ የድንበር ቢሉ፣ የጋብቻ ቢሉ፣ የከብት ቢሉ።

"መሪጌታ፣ ካምቢዮ እኮ ግማሽ አያውቅም!" አለ ሙሉቀን።

"ይለምዳል።"

እዚህ ላይ ነው አያ አንዳርጌ የተነሱት። ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉ። ድምፃቸው የፍርድ ቤት ድምፅ ሆነ።

"ሽማግሌዎች፣ እግዜር ያክብርልኝ። ፍርዱን ተቀብያለሁ። ግን ዕርቅ ያለ ዋስ ምን ይሆናል? ይኼ ዘይት ነገ ዕርቁን አፍርሶ ቢፈስ ማንን እይዛለሁ? ካምቢዮው ዋስ ይጥራልኝ! ዋሱም፣ ዘይቱ ከፈሰሰ ማሽኑ ሊሠራው የነበረውን ሥራ ይሥራልኝ!"

"ተገቢ ነው" አሉ መሪጌታ። "ዋስ ጥራ፣ የኔ ልጅ።"

ሙሉቀን ዙሪያውን ተመለከተ። የቡሬ ከተማ ልጅ ነው፤ እዚያ መንደር ዘመድ የለውም። ፊቱ ሲያዝን አያ ደሴ አዩት። በዚያ ላይ ፍርዱን ካመነጩት ሽማግሌዎች አንዱ እሳቸው ናቸው፤ በገዛ ፍርዳቸው ዋስ የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ ውርደት ነው።

"እኔ ዋስ!" አሉ ዱላቸውን መሬት ላይ ተክለው።

አያ ደሴ ዋስ ሆነው ሌላው ዝም ሊል? "እኔም ዋስ!" "እኔ ዋስ ነኝ!" "የኔን አትርሱ!" አጥሩ ዋስ በዋስ ሆነ። በሞቀበት ሰዓት እኔም እጄን አውጥቼ "እኔ ዋስ!" ብዬ ጮህኩ። ምን ነካኝ? እኔንጃ! ሰው ሲያጨበጭብ አብሬ የማጨበጭብ ሰው ነኝ።

ሙሉቀን ብየዳውን ፈታ፣ በእንጨት ሽብልቅ ደገፈ፣ ግማሽ በግማሽ አቃንቶ እንደገና በየደ። ግማሽ መሆኑን መሪጌታ በዘንጋቸው ለኩት። ሞተሩ ተነሳ። ዋሶቹ ሁሉ እየተጋፉ ሸራው ዳር ተንበርክከው ካምቢዮውን ከሥር ያዩ ጀመር። በቆሎው መንፎልፎል ቀጠለ… ጠብታ የለም። "አየህ? ሰው ሲመክረው ይሰማል!" አሉ አያ ደሴ በኩራት።

ንግግራቸውን ሳይጨርሱ ከመተንፈሻዋ በኩል አንድ ጠብታ ብቅ አለች። ተንጠለጠለች። ወደቀች! ለካ ቀዳዳዋ ግማሽ ብትቃናም ከዘይቱ ግማሽ አልወጣችም። ያም ሳያንስ፣ ካምቢዮው ከአግዳሚው ላይ ሲነሳ ካቴናው ከመሥመሩ ወጥቶ ዘንጉን ወደ ጎን ይስበዋል፤ አዲሱን የዘይት ጎማ በላው። ከወዲያ በኩልም መንጠባጠብ ጀመረ። በፊት ከአንድ ጎን ነበር የሚያፈስሰው፤ ዕርቅ ከወረደ በኋላ ከሁለቱም ጎን ሆነ።

መሪጌታ ግራና ቀኙን አይተው ተነፈሱ። "ቢያንስ ፍርዱ አላዳላም።"

ነጎድጓዱ ተደገመ፤ አሁን ቀርቧል። አያ አንዳርጌ ሞተሩን ራሳቸው አጠፉት፤ ቀጥለውም በዚያ በሚያስገመግም ድምፃቸው አንድ ቃል ተጣሩ።

"ዋሶች!"

ሰው አንዱ ያንዱን ፊት ማየት ጀመረ። አያ ደሴ አፋቸውን ከፍተው ዘጉ፤ ደግሞ ከፈቱ።

"አንዳርጌ፣ እንዲያው በሕጉ… ካምቢዮ ተከሳሽ መሆን ይችላል ወይ?"

"ዋስ ስትሆነው ይችል ነበር!"

"ልክ ናቸው" አሉ መሪጌታ፤ ጋቢያቸውን እያዩ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብታዩት! የሰፈሩ ወንድ ሁሉ ጋቢውን አጥሩ ላይ ሰቀለ። ሴቶቹም ባሎቻቸው ዋስ መሆናቸውን ሰምተው እያጉረመረሙ መጡ። በቆሎው ሸራ ላይ ይፈሳል፣ ዱላ ይወርድበታል፣ ፍሬው ይሰበሰባል፣ ቆረቆንዳው ወደ ጎን ይጣላል። አያ ደሴ "እስቲ ካምቢዮ ይቅደመኝ!" እያሉ ከሁሉ በላይ ይወቃሉ። ሙሉቀን መነጽሩን ኪሱ ከቶ ከረጢት ይሸከማል። እኔም ዋስ ነኝና ዱላ ተሰጠኝ፤ መዳፌ ተላጦ ለሳምንት ማንኪያ መያዝ አቅቶኝ ነበር። መሪጌታ ዳኛ ስለሆኑ አይሠሩም፤ ከዱካቸው ላይ ሆነው እየዘመሩ ምቱን ያስኬዱልን ነበር። የመጨረሻው ከረጢት ጎተራው በራፍ ሲገባ የመጀመሪያዋ ትልቅ ጠብታ አፍንጫዬ ላይ አረፈች። ቀመስኳት። ውኃ ናት! በደስታ ልዘል ምንም አልቀረኝ።

ዝናቡ ሲወርድ ሁሉም ቤት ውስጥ ተጠጋጋ። እማማ የሻረግ ጠላ ይዘው ብቅ አሉ፤ አንድ እንስራ፣ ደግሞ አንድ እንስራ፣ ደግሞ ሌላ። ጠላ እንደምታውቁት በአንድ ቀን የሚደርስ ነገር አይደለም። ወደ እማማ ጠጋ አልኩ።

"እማማ፣ ይኼ ሁሉ ጠላ መቼ ተጠመቀ?"

"አንተ በስልክ 'ወንፈል ይተዉ' ያልካቸው ዕለት ነዋ" አሉኝ ቀስ ብለው። "ስልኩን ዘግተው 'የሻረግ፣ ጠላ ጥመቂ፤ ይኼ ማሽን ብዙ ሰው ይፈልጋል' አሉኝ።"

አማቴን አየኋቸው። ከአያ ደሴ ጎን ተቀምጠው ዋንጫ እያጋጩ ስለ ብሳናው ጥላ ይከራከራሉ። ማንም ቤት ውስጥ "የአማቹ ማሽን ከሸፈ" አላለም፤ ሁሉም "ዋሱ ተያዘ" ነው የሚለው። ጉራዬን በሽማግሌ ቀብረውልኛል! አንገቴ ላይ የነበረው ድንጋይ ወረደ፤ ዓይኔም ትንሽ እንባ አቀረረ… ጭሱ ነው አልኩ። ወንፈል ስላልሆነ ብድሩን መመለስ የለም፤ ሁሉም በየዋስትናው ነው የሠራው። እንደዚያ ዓይነት ሰው አማት ስለሰጠኝ ፈጣሪዬን አመሰገንኩ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ሙሉቀን ግን ነገሩ እልክ ሆነበት። ካምቢዮውን ወደ መጀመሪያ መንጋደዱ መልሶ ካቴናውን አስተካከለ። በመተንፈሻዋ ቀዳዳ ላይ አንዲት ቀጭን የጎማ ቱቦ ሰካና ወደላይ አውጥቶ በአልጋው ራስጌ ላይ አሰራት፤ አሁን ካምቢዮው እንደፈለገ ይንጋደድ፣ የሚተነፍሰው ከዘይቱ በላይ ባለው ሰማይ ነው። ደወለልኝ። "ብሮ፣ ና እይ! ጠብ አይልም!" ሄድኩ። ሞተሩን አስነስተን ቆየን፣ ከሥሩ ነጭ ወረቀት አነጠፍን… ደረቅ! አቅፌ ሳምኩት። ለአማቴ የምሥራቹን ለመንገር ከአውድማው እስከ ደጃቸው በሩጫ ነበር የሄድኩት።

አያ አንዳርጌ ወደ ማሽኑ መጡ። ጎንበስ ብለው ጣታቸውን ከካምቢዮው ሥር አሳለፉ። ጣታቸውን አዩት። ደረቅ ነው። ወደ ወዲያኛው ጎን ዞረው እንደገና አሳለፉ። እሱም ደረቅ። ፊታቸው ቀስ በቀስ ሲጨልም አየሁ።

"ምነው አባቴ፣ አልተደሰቱም?"

"እህ… እና ከእንግዲህ አይፈስም?"

"ፈጽሞ!"

"ዋስም አያስፈልገውም?"

"ምን ዋስ! ዕድሜ ልኩን ቢሠራ ጠብ አይልም!"

አያ አንዳርጌ ዱካቸውን ስበው ተቀመጡ። አጥሩን ተሻግረው የአያ ደሴን ቤት አዩ፤ ከዚያ ወዲያ ገና ያልተነካውን የዳጉሳ ክምር አዩ፤ በረዥሙም ተነፈሱ።

"አይ ልጄ!" አሉኝ ከልብ በሆነ ሐዘን። "ታዲያ አሁን ይኼን ዳጉሳ ማን ይወቃልኛል?"